ከዝርዝሩ የጎደለው መስመር

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል። የእሷ ጆሮ ግን ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በገዛ ቤቷ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ስለ ራሷ የሚወራውን ቃል በቃል ሰማ። የእህቷ ልጅ ወጥ ቤት ቆሞ በስልክ ያወራ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጓል፤ ነገር ግን ሁለቱን ክፍል የሚለየው ስስ ችፑድ ስለሆነ በዚያ ቤት ድምፅ ዝቅ ማድረግ ለወጉ ያህል ነው። «እሺ ጌታዬ፣ ገብቶኛል» ይላል። «ሰነዱን ዛሬ ያስረክባሉ። አዎ፣ ከነገ በኋላ አያስፈልጉም። እስኪያስረክቡ ድረስ ባይነገራቸው ይሻላል ያሉት ልክ ነው... እሺ። እሺ።» እሷ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ዛሬ ሰነድ የሚያስረክብ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሷም አፏን የጥርስ ሳሙና ሞልቶት መስተዋት ፊት ቆማለች።

ተጉመጥምጣ ወጣች። ልጁ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ እሷ ዘንድ ግን ያው ልጁ ነው። ዳቦ ቆርሶ፣ ሻይ ቀድቶ ጠበቃት። ሌላ ቀን የምትቀዳው እሷ ነበረች፤ ቀድሟት መነሣቱ ራሱ ነገር ነበረው። እናቱ ታናሽ እህቷ ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ «ለሁለት ወር ያዥልኝ» ብላ አስቀምጣው ለሥራ ሌላ አገር ሄደች፤ ሁለቱ ወር ይኸው ሃያ ዓመት ሆነ። ቀለም ያስቆጠረችው እሷ ናት፤ የኔትወርክ ሙያንም ሀ ሁ ያስጀመረችው እሷ። «እንቅልፍ እንዴት ነበር?» አላት። «ደህና» አለችው። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ዝም መባባል ለእነሱ አዲስ አይደለም፤ ሁለቱም ወሬ አያበዙም። የዛሬው ግን ያስታውቃል፤ እሱ ዳቦውን አያይም፣ እሷ እሱን አታይም። «ሰማሁህ» ለማለት ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ሁለቱንም ጊዜ ዳቦ ጎረሰችበት። ታች መኪና ጥሩምባ ነፋ። የእህቷ ልጅ የሚሠራበት ድርጅት መኪና ነው፤ በየጠዋቱ መጥቶ ይወስደዋል። የሚሄዱት ወደ አንድ ሕንፃ ነው፤ አብረው ግን አይሄዱም። የእሷን መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ወደ ክላውድ፣ «ደመና» ወደሚሉት ሩቅ አገር ተቀምጦ በኢንተርኔት ወደሚያገለግል ማሽን፣ የማዛወሩን ሥራ የእሱ ድርጅት ሲያሸንፍ «በአክስቱ ገባ እንዳይባል» ብላ ዝምድናቸውን ያስደበቀችው ራሷ ነበረች።

አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ሄደች። አምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ያሳለፈችው አንድ ቦታ ነው። በዚህ ዕድሜ ማመልከቻ ይዛ ደጅ ልትጠና? ቃለ መጠይቅ የሚያደርጓት ልጆች የእሷን ዕድሜ ግማሽ እንኳ አይሞላቸውም። ክላውዱ ሲመጣ ሥራዋ እንደሚቀንስ አላጣችውም። እንዲያውም «ይምጣ» ብላ ከደገፉት አንዷ ናት፤ የመሥሪያ ቤቱን መረጃ የያዙት አሮጌዎቹ ሰርቨሮች የሚያሰሙት ድምፅ የሳንባ ሕመምተኛ አስመስሏቸዋል። ብቻ ሰርቨሩ ደመና ላይ ቢወጣም መሰላሉን የሚይዝ አንድ ሰው ታች አይጠፋም፣ ያም ሰው እኔ ነኝ ብላ ተማምና ነበር። አሁን ያቃጠላት ግን የሥራው ነገር ብቻ አልነበረም። ሌላ ሰው ቢያደርገው «የዘመኑ ነገር ነው» ብላ ታልፈው ነበር። ያሳደገችው ልጅ፣ እሷ በገዛችው ስኒ ሻይ እየጠጣ፣ «አያስፈልጉም» አለ። ከዚህ በላይ የሚያም ነገር አላገኘችም፤ ፈልጋም ነበር።

መሥሪያ ቤቱ መድኃኒት አከፋፋይ ነው። ምድር ቤቱ መጋዘን፣ ከላይ ያሉት ሁለት ፎቆች ቢሮ ናቸው። የእሷ ክፍል አንደኛ ፎቅ መጨረሻ ላይ ያለ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነው፤ ለሰርቨሮቹ ሲባል ሁልጊዜ ስለሚቀዘቅዝ ውጭው ፀሐይ ሲያቃጥልም እሷ ሹራብ ትደርባለች። ከግድግዳው የሚወጡት ገመዶች ሁሉ በእሷ እጅ የተዘረጉ ናቸው። በሙያው ደንብ ገመድ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ነው። እሷ ግን ቁጥሩን ለመዝገብ ትታ ገመዱ ላይ የሰው መጠሪያ ትለጥፋለች፤ «ሳቂታዋ»፣ «ጎርናናው»፣ «ሟቹ ሒሳብ ሹም»፣ «ሙሽራዋ»። ሙሽራዋ አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ገመዱ ግን ገና አልሰማም። በዚህ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «እመ ገመድ» ይላታል፤ እሷም ወላጆቿ ካወጡላት ስም ይልቅ በዚህ ስትጠራ ፈጥና ትዞራለች።

አርባ ስድስት ገጹ ሰነድ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። «የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉ» ተብላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጽፋዋለች፤ የትኛው መስመር ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ኮምፒውተር ሲሞቅ እንደሚዘገይ፣ የትኛው ሲመታ እንደሚሠራ ሳይቀር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የምታውቀውን ሁሉ ወረቀቱ እንደወሰደውና እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር እንዳልቀረ የገባት ዛሬ ነው። ሰነዱ ላይ የቀረው ኔትወርኩ ላይ የተሰኩትን ዕቃዎች ዝርዝር አይቶ መፈረም ነበር። መጋዘኑ ለመድኃኒት ቆጠራ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሮጌዎቹ ስዊቾች፣ ገመዱን ሁሉ የሚያገናኙት ሳጥኖች ማለት ነው፣ ተነቅለው አዲሶቹ ይተካሉ። አዲሶቹን እውነት ለመናገር ወዳቸዋለች። ከካርቶን ወጥተው ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ምን መሥራት እንዳለባቸው ራሳቸው ክላውዱን ይጠይቃሉ፤ አዛዣቸው ባሕር ማዶ ተቀምጦ በስክሪን ያዛቸዋል፤ አንዱ መስመር ሊበላሽ ሲል ሶፍትዌሩ ቀድሞ ያውቅና በሌላ ያዞረዋል። ጠባያቸው አንድ ነው፤ ማንንም አያምኑም። ድሮ ገመድ የሰካ ሁሉ ይገባ ነበር፤ እነዚህ ግን ዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረውን ዕቃ ደጅ ያስቀሩታል። ዝርዝሩን ያወጣው ኔትወርኩን አስሶ ያገኘውን የሚቆጥር ሶፍትዌር ነው፤ ቆጠራውን ያስኬደው ደግሞ የእህቷ ልጅ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዕቃ ይላል።

እሷ በጣቷ እየቆጠረች ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ላይ ደረሰች። ደገመችው። ሠለሰችው። የጎደለው መድኃኒት የሚቀመጥበት የማቀዝቀዣ ክፍል ቴርሞሜትር ሆኖ ተገኘ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ የማቀዝቀዣው ሞተር ቆሞ ሰኞ ጠዋት አንድ ክፍል ሙሉ መድኃኒት ለቃጠሎ ተጫነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እሷም በራሷ አሳብ መዳፍ የምታህል ሳጥን ከቴርሞሜትር ጋር አስገዝታ እዚያ ሰቀለች። ሙቀቱ ከስምንት ዲግሪ ሲያልፍ ሳጥኗ በኔትወርኩ በኩል ጥበቃ ቤት ያለውን ደወል ታስጮኸዋለች። እስከ ዛሬ ሁለቴ ጮኸ፤ ሁለቴም መድኃኒቱ ተረፈ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ረሳው። ሶፍትዌሩ እንዴት ሳያያት ቀረ ብላ የቆጠራውን ሰዓት ብትመለከት ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ያን ጊዜ ብቻዋን ሳቀች። የማቀዝቀዣ ክፍሉ ንብረት ጠባቂ ነጭ ጋዋኑ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው፤ «ነጩ» የሚባለውም በዚሁ ነው። ቤቱ አምስት ሴቶች ልጆች ስላሉ ካውያ ተራ አይደርሰውም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከማቀዝቀዣው መግቢያ ካለችው አንዲት ሶኬት ሳጥኗን ነቅሎ ካውያውን ይሰካል፤ ግማሽ ሰዓት ተኩሶ ሳጥኗን ይመልሳል። ከስምንት ዓመት በፊት እጅ ከፍንጅ ይዛዋለች። እዚያ ካውያ መሰካት ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት ነው፤ እሷ ግን «ከግማሽ ሰዓት እንዳታልፍ» ብላ ተወችው። ነገሩን ከሁለቱ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ዝም ብትልስ? ወንበሯ ላይ ተደግፋ ይህን አሰበች። ሳትናገር ብትፈርም ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲሶቹ ስዊቾች ሳጥኗን ደጅ ያስቀሯታል። ሳጥኗም ብትጮህ የሚሰማት የለም። አንድ ቀን ሞተሩ ይቆማል፤ መድኃኒት ይበላሻል፤ «እመ ገመድ ትጠራ!» ይባላል። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ደውለው ሲለማመጧት፣ እሷ ደግሞ «አላስፈልግም አላላችሁም እንዴ?» ስትል ታያት። ሻይዋን ጠጥታ እስክትጨርስ ድረስ በዚህ ሥዕል ተደሰተች። ከዝርዝሩ ሥር ያለው የእህቷ ልጅ ስም ነው፤ የሚጠየቀውም እሱ ነው። በዚህም ትንሽ ተደሰተች፤ ከዚያ ግን አፈረች። ኩባያውን አስቀምጣ ወደ መጋዘን ወረደች።

«እመ ገመድ! ምን እግር ጣለሽ?» አለ ነጩ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ቆሞ ካርቶን ይቆጥር ነበር፤ ጋዋኑ ያበራል።

«ቅዳሜ ተኩሰሃል?»

«መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?»

የሆነውን ነገረችው። ሰውዬው ካርቶን ላይ ተቀመጠ። «ካውያዬን ካነሣሽላቸው አለቀልኝ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። አምስት ሴት ልጅ ይዤ ወዴት እገባለሁ?» አለ። «ስለ ካውያህ ማን አነሣ?» ብላ ተቆጣችው፤ የራሷ ስንት ዓመት እንደቀረው ሊጠይቃት ይችል ነበር፣ አልጠየቃትም፤ አያውቅምና አልፈረደችበትም። የተቀመጠበትን ካርቶን አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ብድግ ብሎ በእጁ ጠረገው። ኢንሱሊን ነው፤ ጠዋት የገባ፣ አርባ ካርቶን። አራት ሆስፒታሎች ነገ ይወስዱታል፤ ዛሬ እዚህ ያድራል። ማንም ሰው ሆን ብሎ ያላሳሰባት ነገር፣ «ዛሬ እዚህ ያድራል» የሚለው ተራ ወሬ፣ ነገሩን ቆረጠላት። ሞተሩ ይቆማል ብላ ስታስብ «አንድ ቀን» እያለች ነበር የምታስበው። ያ አንድ ቀን ዛሬ ሊሆን እንደሚችል አልታያትም ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰበሰቡ። ዳይሬክተሩ፣ የእህቷ ልጅና እሷ፤ በር አጠገብ ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ ሰው ናቸው፤ ሰውን የሚጎዱትም በክፋት ሳይሆን በችኮላ ነው። ብዕራቸውን ወደ እሷ ገፋ አድርገው «ይፈርሙልንና እንገላገል» አሏት። የእህቷ ልጅ ከላፕቶፑ ቀና ሳይል «ገጽ አርባ ስድስት ላይ ነው የሚፈርሙት» አለ። እርስዎ ብሎ ሲያናግራት በሌላ ቀን ማታ ቤት ገብተው ይሳሳቁበታል።

«አልፈርምም፤ አንድ ጎድሏል» አለች። ስለ ማቀዝቀዣው ሳጥን፣ ስለ ደወሉ፣ ዛሬ እዚህ ስለሚያድረው ኢንሱሊን በአጭሩ ተናገረች። ዳይሬክተሩ ወደ ልጁ ዞሩ። እሱም ሳጥኗ የቆየች ስለሆነች ከአዲሶቹ ስዊቾች ጋር እንደማትግባባ፣ በምትኳ አዲስ መሣሪያ ለማስመጣት ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ ተናገረ። «እስከዚያ ከሳጥኗ እስከ ደወሉ ሁለት ሽቦ ቀጥታ እስባለሁ» አለች እሷ። «የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።» ዳይሬክተሩ ተነፈሱ። ከዚያ ትጠብቀው የነበረው ጥያቄ መጣ፤ ማሽኑ ይህን ሳጥን ለምን አላየውም?

ይህ ጥያቄ ሁለት እውነተኛ መልስ ነበረው። አንደኛው ካውያው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፤ በሙያው ደንብ ቆጠራ አንድ ጊዜ አይደረግም፤ አንዱ በሥራ ቀን፣ አንዱ በዕረፍት ቀን ተደርጎ ሁለቱ ይነጻጸራሉ፤ ምክንያቱም ሰው ዕቃውን መቼ እንደሚነቅል አይታወቅም። ይህን ደንብ ለእህቷ ልጅ ያስተማረችው እሷ ናት። ዝርዝሩ ላይ ግን ያለው ቀን አንድ ብቻ ነው። ቸኩሎ አንዴ ብቻ ቆጥሯል። የመጀመሪያውን ብትናገር ነጩ ይባረራል፤ ሁለተኛውን ብትናገር ልጁ ይዋረዳል። «ቅዳሜ ለጥገና ነቅያት ነበር» አለች። «ሳላስመዘግብ ረሳሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ይህን ብላ ልጁን አየችው። እውነቱን ያውቃል፤ ስለ ካውያው ባያውቅም ሁለቴ ቢቆጥር ኖሮ ይህ እንደማይመጣ ያውቃል። ብዕር አንሥቶ ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

«ይኸውልዎት!» አሉ ዳይሬክተሩ፤ ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። «ለዚህ ነው ወደ ክላውድ የምንሄደው። የመሥሪያ ቤቱ ነገር በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቀብሮ እስከ መቼ ይኖራል? ሰውየው ከረሳ አለቀልን ማለት ነው።» የሚሉት እውነት ያለበት ስለሆነ ይብስ አመማት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ነገሩን በሌላ መንገድ ሊነግሯት አስበው እንደነበር፣ አሁን ግን ከተነሣ ዘንድ፣ ነገ ቁልፍና ንብረት አስረክባ እንድትሰናበት፣ መሥሪያ ቤቱ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ የምስጋና ደብዳቤ እንደሚጽፍላት ነገሯት። የጸሐፊዋ እጅ መጻፉን አቆመ። እመ ገመድ ተነሣች። «ሽቦውን ልሳብ» ብላ ወጣች።

መሰላሉን ከዕቃ ቤት አወጣች፤ የሽቦ ጥቅል፣ መቆንጠጫ፣ ባትሪ ያዘች። ከማቀዝቀዣው እስከ ጥበቃ ቤት ስድሳ ሜትር ግድም ነው፤ በኮሪደሩ ጣሪያ በኩል አሳልፎ፣ ግድግዳ በስቶ፣ በአጥሩ ጥግ መውሰድ። ኔትወርክ የለ፣ ክላውድ የለ፣ ዝርዝር የለ። ሙቀት ሲያልፍ ሳጥኗ ውስጥ ያለች ትንሽ ማብሪያ ሁለቱን ሽቦ ታገናኛለች፣ ደወሉ ይጮኻል፣ በቃ። ነጩ መሰላሉን ይዞላት «ምን አልሻቸው? ምን አሉሽ?» እያለ ይነዘንዛታል። «ያንተ ነገር አልተነሣም» አለችው፤ የራሷን አልነገረችውም። ከጣሪያው አቧራ ዓይኗ ውስጥ ገባና ዓይኗ አለቀሰ። አቧራ ባይገባም ማልቀሷ አይቀርም ነበር፤ አቧራው ግን ምክንያት ሆነላት። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ከላይ አዲሶቹን ስዊቾች የሚያወጣ፣ የሚጎትት፣ የሚወርድ የሚወጣ ሰው ኮቴ መሰማት ነበረበት፤ ምንም አይሰማም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ የእህቷ ልጅ መጣ። ኮቱን አውልቆ በር ላይ ሰቀለ፤ እጅጌውን ሰበሰበ። «እትዬ፣ አንቺ ውረጂ፤ እኔ ልውጣ» አለ። ነጩ መሰላሉን እንደያዘ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። «እትዬ?» አለ። እሷ ወረደች፣ እሱ ወጣ። እሷ ከታች ሽቦ ትለቃለች፣ እሱ ከላይ ይስባል። የዕቃ ስም ብቻ ነው የሚናገሩት፤ «ቆንጣጩን»፣ «ቴፑን»፣ «ትንሽ ላላ አድርጊ»። እጁ ከእሷ እጅ የተማረ ስለሆነ ምን እንደሚፈልግ ሳይጠይቃት ታቀብለዋለች። በዚህ ደግሞ ተናደደች፤ እንደተቀየመች መቆየት ፈልጋ ነበርና። ጥበቃ ቤት ሲደርሱ ሽቦውን አሰሩ። ማቀዝቀዣው ዘንድ የቀረው ነጩ ቴርሞሜትሩን ብብቱ ሥር አድርጎ እንዲያሞቀው ታዘዘ። ደወሉ ሲጮህ ጥበቃው ከተቀጠረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ ታየ፤ የሮጠው ግን ወደ ውጭ ነበር። አክስትና ልጅ ሳቁ። እሷ መሳቋን ስታውቅ አቋረጠችው።

ወደ ማቀዝቀዣው ሲመለሱ ጸሐፊዋ ወረቀት ይዛ ወረደች። ለእመ ገመድ እየሰጠቻት ልጁን በጎን አየችው። «ይህን ሁሉ ያመጡት ኢንጂነሩ ናቸው» አለች በሹክሹክታ። «እርስዎ ከወጡ በኋላ ተነሥተው፣ ጥፋቱ የእመ ገመድ አይደለም፣ ሁለቴ መቁጠር ሲገባኝ አንዴ ነው የቆጠርኩት፣ ዝርዝሩ አይታመንም አሉ። ዳይሬክተሩ እንዴት እንደጮኹ! ከዚያ ኢንጂነሩ ለራሳቸው ድርጅትም ደወሉ።» እመ ገመድ ወረቀቱን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ አነበበች። ዝውውሩ ለአንድ ወር ተራዝሟል። ቆጠራው እንደገና ይደረጋል፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ የሚያውቁት ባለሙያ አብረው ሳያረጋግጡ ማንም አይፈርምም። በዚህ ምክንያት የእሷ ስንብት ቆጠራውና ዝውውሩ እስኪያልቅ ሦስት ወር ይዘገያል። የእህቷ ልጅ ከዚህ ሥራ ተነሥቷል፤ ድርጅቱ ሌላ ሰው ይልካል። «ደንቡ ለምን እንደተጣሰ» የሚል ማብራሪያም እንዲጽፍ ታዟል።

ጸሐፊዋ እስክትርቅ ጠበቀችና ዞረችበት። «ማን ተናገር አለህ? እኔስ ወጥቼ ነበር፤ ያለቀ ነገር ነበር። አሁን አንተም ሥራ ፈት ሆነህ፣ ሁለታችን ቤት ቁጭ ብለን ግድግዳ ልንቆጥር ነው?»

«አላባረሩኝም። ከዚህ ነው ያነሡኝ።»

«ዛሬ ያነሣ ነገ አያባርርም?»

«ያባርር ይሆናል» አለ። ኮቱን ከሰቀለበት በር አንሥቶ አቧራውን አራገፈ። ስትቆጣው ልቧ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር፤ ደስ ብሏታል። ሦስት ወሩ አይደለም ያስደሰታት፤ ሦስት ወር እንደ ሦስት ቀን ያልፋል። ያስደሰታት ይህን ሲናገር እሷ እዚያ አለመኖሯ ነው። እሷን ለማስደሰት አልተናገረውም ማለት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብረው ወጡ። የድርጅቱ መኪና ዛሬ አልመጣለትም፤ የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ ነጩ አስቀድሞ ወሬውን ሳያደርስ እንዳልቀረ ከአስተያየታቸው ያስታውቃል። ብዙ ሰው ተሰልፏል። ወሬውን የጀመረችው እሷ ናት።

«ጠዋት በስልክ ያልከውን ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ፊትሽ ነዋ። ሻይ ስትጠጪ ገና አውቄያለሁ።»

ዞር ብላ አየችው። ከንዴትም በላይ ገረማት። «ታዲያ እያወቅህ ነው ቀኑን ሙሉ ዝም ያልከው? ምን ትጠብቅ ነበር?»

ጫማውን አየ። ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው፣ ባለ ኮት፣ ኢንጂነር የሚባል ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ያንን አይመስልም ነበር። «እንድትቆጪኝ» አለ። «ቤት ትቆጪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ፣ አልተቆጣሽም። ስብሰባው ላይ ታጋልጭኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ጭራሽ ጥፋቱ የእኔ ነው አልሽ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ፣ እትዬ።»

አውቶቡሱ መጣ። በሕዝቡ እየተገፉ ወጡ። «ቤት እስክንገባ ጠብቅ» አለችው፤ «ዛሬ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ነው የምቆጣህ።» «እሺ» አለ፤ ቁጣ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ፊቱ ሲፈካ አይታ አታውቅም። ኋላ አንድ ባዶ ወንበር ነበር። እሱ «ተቀመጪ» አላት፣ እሷ «አንተ ተቀመጥ፣ መሰላል ላይ ቆመህ ውለሃል» አለችው፤ ሲከራከሩ ሌላ ሰው ተቀመጠበት።